አሰላ ያለቀሰላት መርከብ

በሰፈራችን ከሞቱት ሰዎች የሚበዙት የተቀበሩት በእኔ አማርኛ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ከሆንኩ ጀምሮ የሟችን የሕይወት ታሪክ የምጽፈውም፣ ቆሜ የማነበውም እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ልሞክር ብሎ የሟችን እናት ስም ዘለለ፤ ከዚያ ወዲህ ደፍሮ የጠየቀ የለም። ድምፄ ለዚህ የተሠራ ነው። ማይክራፎን አያስፈልገኝም። ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እየወረደ እንኳ ከኋላ የቆመ ሰው እያንዳንዱን ቃል ይሰማል።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። አማርኛ ማንበብ የለመድኩት ከእህል ጆንያ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ከፓምፕ መመሪያ፣ ጣሊያንኛውን ደግሞ የድሮ ሞተሮች ላይ ከተለጠፈ ጽሑፍ ነው የቀሰምኩት። ያም ሆኖ አሰላ «መምህር» ይለኛል፤ ስሙ ይገባኛል ብዬ ስለማምን አላርማቸውም።

አሁን ግን ደክሞኛል። ጉልበቴ እርጥበት አይወድም፤ ከጭላሎ የሚወርደው ጉም ደግሞ ክረምቱን በሙሉ ከደጃችን አይነሣም። ከጉልበቴ ይልቅ የደከመኝ ግን ዓረፍተ ነገሩ ነው። ተወለዱ፣ ትዳር መሠረቱ፣ ልጆች አፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ስንቱን ሰው በዚህ በር አስወጣሁት። እኩዮቼን አንድ በአንድ ጽፌ ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ። ከቀሩት አንዱ ጓደኛዬ ነበር፤ እሱን ልጽፈው ስል የሆነውን ነው እዚህ የማስቀምጠው።

እሱ የሲሬ ልጅ ነው፣ እኔ የአሰላ። ባሕር አይተን የማናውቅ ሁለት ደገኞች ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ተገናኘን። እሱ ጠላቂ ሆነ፤ የመዳብ ራስ ቁር አጥልቆ፣ የእርሳስ ጫማ ተጫምቶ ወደ ባሕሩ ወለል የሚወርድ። እኔ ከላይ ጀልባዋ ላይ የአየር ፓምፑ ኃላፊ ነበርኩ። የሚተነፍሰውን አየር በጎማ የምልክለት እኔ ነበርኩ ማለት ነው። በእኔ ተራ ትንፋሽ ያጠረው ጠላቂ የለም። ይህን የሚመሰክሩት ሰዎች ስላለቁ እኔው ልናገረው።

ሥራችን ከወደቡ አፍ አጠገብ የሰመጠች አንዲት የጣሊያን የጦር መርከብ ቆራርጦ ማውጣት ነበር። አጥፊ መርከብ ይሏታል፤ እኛ ባሕርተኞቹ ዲስትሮየር እንላታለን። ቀጭንና ፈጣን ሆና፣ ትልልቆቹን መርከቦች አጅባ እንድትሄድ የምትሠራ ዓይነት ናት። እኛ ስንደርስባት በአሸዋ ውስጥ በጎኗ ተኝታ ነበር። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ጓደኛዬ በዓይኑ አይቷታል ለማለት ይቸግራል። በእጁ ነው የሚያውቃት። የማብሰያ ክፍሏን፣ የሞተር ክፍሏን፣ መርከበኞቹ የሚተኙበትን ጠባብ ቤት በዳሰሳ ለይቶ፣ በዳሰሳ ቆርጦ፣ ቁራጭ ቁራጯን በክሬን ያወጣት እሱ ነው። የወጣትነት ዕድሜያችን እዚያ አለቀ።

ባሕሩ ከእጃችን ከወጣ በኋላ እኔ አሰላ ተመልሼ የወፍጮና የኮምባይነር ጠጋኝ ሆንኩ። እሱም ሚስቱን ይዞ መጥቶ እኔ ሰፈር ቤት ሠራ። ሚስቱ የጸሎት ሴት ናት፤ ቤታቸው ፕሮቴስታንት ነው። እኔ የታቦት ሰው ነኝ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም። በመርከቧ ግን ተጣላን።

አምና ሳንባው ደከመ። አልጋው አጠገብ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆመ። በገባሁ ቁጥር ሰላም ከማለቴ በፊት የሲሊንደሩን መለኪያ አያለሁ፤ የቆየ ልማድ ነው። እሱም ሁልጊዜ ሳቅ ይላል።

አንድ ቀን፣ «የሕይወት ታሪኬን አንተ ነህ አይደል የምትጽፈው?» አለኝ።

«ካንተ በፊት ካልሞትኩ።»

«አንተማ አትሞትም። የሚያነብልህ የለማ።»

«እንግዲያው ንገረኝና ልጀምር። የእናትህን ስም፣ የተወለድክበትን ቀበሌ...»

«የእኔን ተወው» አለ። «በእኔ ፈንታ የእሷን አንብብልኝ።»

«የማንን?»

«የመርከቧን።»

ትኩሳት ይዞት የሚቃዥ መሰለኝ። እሱ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ቀና አለ። «ቆራርጬ የጨረስኳት እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ታሪኩ ይነበብለታል። እሷ በክሬን ተነሥታ በመኪና ተጭና ስትሄድ ማንም ምንም አላለም።»

«ብረት ናት እኮ።»

«አንተም ሥጋ ነህ።»

እምቢ አልኩ። እድሩ ለአንድ ሟች የሚፈቅደው አንድ ንባብ ነው። በሰው መቃብር ላይ የብረት ታሪክ ካነበብኩ ነገ ማን የእናቱን ታሪክ አምኖ ይሰጠኛል? ያልነገርኩት ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ከጻፍኳቸው ሁሉ የሚበልጠውን ለእሱ ልጽፍ ለዓመታት አስቤበታለሁ። እሱም እንደሌላው ሰው ተወለዱ፣ ታመሙ፣ ተለዩ ተብሎ እንዲቀበር አልፈለግኩም።

ሚስቱ ከበሩ ቆማ ስትሰማን ነበር። «ጋሼ» አለችኝ፣ «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። በቁሙ ላለ ሰው የሞት ወረቀት ይጻፋል? ሟርት ነው ይሄ። በብረት ነገር ከሆነ ደግሞ እኔ በዚያ ቀብር ላይ አልቆምም።»

«ሰማህ?» አልኩት።

«ሰማሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ራሴ አንድ ቃል አልነግርህም ብሎ አፉን ዘጋ። ስለ ሲሬ ስጠይቀው ስለ ባሕር ይመልሳል። ሐኪሞቹ ለሚስቱ ክረምቱን ከተሻገረ ጥሩ ነው ብለዋታል። እሷም ለእኔ ነግራኛለች፤ ለእሱ አልነገረችውም፤ እሱም ያውቃል።

በመጨረሻ ተስማማን። የመርከቧን ታሪክ እጽፋለሁ፣ ለእሱ ብቻ ቤቱ ውስጥ አነብለታለሁ፣ ከዚያ በኋላ የራሱን ይነግረኛል።

«ለእኔ ብቻ?» አለ። «እኔማ አውቀዋለሁ። ሰው እንዲሰማላት ነው የፈለግኩት።»

«ያለኝ ይሄ ነው።»

«እሺ» አለ፤ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ጻፍኩት። ከባሕሩ በታች ያለውን እሱ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ያለውን በስልኬ ፈልጌ፣ የጣሊያንኛውን በራሴ ተርጉሜ አገኘሁ። ልጆች ስልኬን ለዘፈን የምይዘው ይመስላቸዋል። መርከቧ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል የተሠራች፣ ሦስት ጭስ ማውጫ ያላት፣ በአድሪያቲክ ባሕር ጭነት መርከቦችን ስታጅብና ፈንጂ ስትቀብር የኖረች ናት። ይህን ያህል የተወራለት ጀብዱ የላትም። ሌሎችን አድርሳ መመለስ ነበር ሥራዋ። ሰላም ሲሆን ወጣት መርከበኞች ተማሩባት። ስታረጅ ማዕረጓን ዝቅ አድርገው ከአጥፊ መርከብ ወደ ቶርፔዶ ጀልባ አወረዷት። ያገኘሁትን እየነገርኩት ሳለ እዚህ ላይ ጓደኛዬ አስቆመኝ።

«ይሄን አትጻፍ።»

«እውነት ነው።»

«ጡረታ የወጣ ኮሎኔል ምን ተብሎ ነው የሚጠራው?»

«ኮሎኔል።»

«በቃ።»

ሁለቱንም ጻፍኩ። ታሪክ ጸሐፊ ነኝ። በአንቱታ ጻፍላት ያለውን ግን እሺ አልኩት፤ በዕድሜ ሁለታችንንም ትበልጣለች።

የማነብበት ቀን ነሐሴ ውስጥ ነበር። ሚስቱ ገበያ ሄዳለች። እሱ ዝግ ቤት ውስጥ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ሁለቱም መስኮቶች ክፍት ናቸው። ትራሱን አስተካክዬለት ወረቀቱን አወጣሁ። ተቀምጦ ማንበብ አልችልበትም፤ ተነሣሁ። ቀስ ብሎ ማንበብም አልችልበትም።

«በሰሜን ጣሊያን በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ተወለዱ» ብዬ ጀመርኩ። «ጊዜው የጦርነት ነበርና የሕፃንነት ወራት ሳይኖራቸው ወደ ሥራ ተሰማሩ...»

ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እኔም ድምፄ መንገዱን ሲያገኝ ሌላውን እረሳለሁ። «ሰላምታን ሳይጠብቁ ሌሎችን አጅበው ያደረሱ» እያልኩ ስደርስ በሩ በኃይል ተከፈተ። አጥር የምንጋራት ጎረቤት ናት፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለች ገባች። ከኋላዋ ሌሎች ሁለት። አልጋው ድረስ መጥታ ቆመች። እሱም አያት፣ እሷም አየችው።

«አልሞትክም እንዴ?»

«ገና ነኝ» አለ። «ግቢ፣ ቁጭ በዪ።»

ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ እርስዎ ምን ያነባሉ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በሰፈራችን ድምፄ ከፍ ብሎ የሚሰማው አንድ ነገር ሲሆን ብቻ ነው። የታመመ ሰው ቤት መስኮት ክፍት ሆኖ የእኔ ንባብ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ የሰማው ሁሉ ነጠላውን ቢያነሣ አይፈረድበትም። ለማስረዳት አፌን ሳልከፍት ግቢው በሰው ሞላ። ሽንኩርት ስትልጥ የነበረች በእጇ ቢላዋ ይዛ መጥታለች። አንዱ ባጃጁን ከነተሳፋሪው አቁሞ ገብቷል።

ከሁሉ የከፋው እድሩ ነው። የሆነ ሰው ሮጦ ለሊቀ መንበሩ ተናግሮ፣ ሰዎቹ የድንኳኑን ብረትና ሸራ በጋሪ ጭነው በሩ ላይ ደረሱ። ሊቀ መንበራችን የኢተያ ሰው ነው፤ ድሮ እህል ነጋዴ ነበር፤ ነገር ሳይመዝን አይናገርም።

«ሟቹ የት አለ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ጓደኛዬ በመስኮት።

ሊቀ መንበሩ ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «መምህር፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው?»

«የሕይወት ታሪክ እያነበብኩ ነበር።»

«የማን?»

«የመርከብ።»

ሳቅ ተነሣ። ከኋላ አንዱ፣ «ዶሮዬም ሞታለች፣ ለእሷም ይጻፉልኝ» አለ። የባጃጁ ሰው እየተራገመ ወጣ። ሰዎቹ ጋሪውን ሊያዞሩ ሲሉ ሁላችንም አዴ የምንላት አሮጊት ተነሣች። የአርሲ ሴት ናት፣ ሙስሊም፤ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በፊት እዚህ የነበረች።

«ቁሙ» አለች። «ድንኳን ወጥቶ ሰው ሳይቀመጥበት ባዶውን ይመለሳል? ከተመለሰ ይጠራል።»

«ምን ይጠራል፣ አዴ?» አላት ሊቀ መንበሩ።

በአገጯ ወደ መስኮቱ አመለከተች። ሳቁ ቆመ። እንዲህ ያለውን ነገር አናምንበትም እንላለን፤ ነገር ግን ጋሪውን ሊገፋ የደፈረ አልነበረም።

«ታዲያ ምን እናድርግ? ሟች የለም።»

«የሞተች መርከብ አለች ትላላችሁ አይደለም?» አለች አዴ። «ይተከልላት። እሱን ከሚጠራ ለእሷ ይሁን።»

በመተዳደሪያ ደንባችን ስለ መርከብ የተጻፈ ነገር የለም፤ ያረቀቅኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። «ትከሉት» አለ ሊቀ መንበሩ በመጨረሻ። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ። ጓደኛዬን ከነሲሊንደሩ አውጥተን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ወደ ሲሊንደሩ ጎንበስ ብዬ መለኪያውን አየሁ። በቂ ነበር።

ወረቀቴን ስዘረጋ ሚስቱ ከገበያ መጣች።

በራሷ ደጅ ላይ የእድር ድንኳን ያየች ሴት ምን እንደምትሆን አይቼ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬ ድንኳን ሲተከል ባለቤቱ ያውቃል። ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ። ድንቹ በጭቃው ላይ ተንከባለለ። አልጮኸችም። አንዱ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ፣ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ በሰዎች መሐል ሰንጥቃ ገባች። ፊት ለፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጉንጩን በመዳፏ ያዘች፤ ግንባሩን፣ አንገቱን ዳበሰች። ከዚያ እግሩ ሥር እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሊቀ መንበሩ ቀስ ብሎ ነገሩን ነገራት። ለእኔ የምትለውን እየጠበቅኩ ቆምኩ። ከቀብር ድምፅ ሌላ ድምፅ ቢኖረኝ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ያንብቡት እንግዲህ፣ ጋሼ» አለች ቀና ሳትል። «ይለቅና ይሄ ነገር ከደጄ ይነሣ።»

አነበብኩ። ሕይወቴን ሙሉ ካነበብኩት ሁሉ ያኔ ያነበብኩት ይበልጣል፤ ይህን የምለው ስለ ራሴ ስለሆነ አይደለም፣ የነበረ ሰው ይጠየቅ። በጦርነቱ እንዴት እንደሠራች፣ እንዴት እንዳረጀች፣ ማዕረጓ እንዴት እንደወረደ አነበብኩ። እዚህ ላይ ጓደኛዬ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከኋላም የቀድሞ ወታደር የሆነ አንድ ጎረቤታችን፣ «እንዲህ ናቸው» አለ። ወደ ቀይ ባሕር እንደላኳት፣ ሁለተኛው ጦርነት መጥቶ መንገዱ ሁሉ ሲዘጋ ነዳጅ አጥታ ምጽዋ እንደተቀመጠች አነበብኩ። ወጣቶቹ መርከቦች ለመጨረሻ ውጊያ ወጥተው ሳይመለሱ ሲቀሩ እሷ ወደቡ ላይ ቀረች።

«ከተማይቱ በጠላት እጅ ልትወድቅ ስትል» አልኩ፣ «የገዛ መርከበኞቻቸው ውሃ ማስገቢያውን ከፍተው አሰመጧቸው።»

አዴ እጇን አነሣች። «ልጆቿ ናቸው ያሰመጧት?»

«ጠላት እንዳይወስዳት ብለው ነው።»

«አብረው ሰመጡ?»

«የለም። በጀልባ ወረዱ።»

አዴ ከንፈሯን መጠጠች። አጠገቧ ያሉት ሴቶችም መጠጡ። ሽንኩርት ስትልጥ የመጣችው ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ያለውን፣ ከባሕሩ በታች ያለውን አነበብኩ። አንድ የሲሬ ልጅ በጨለማ ውሃ ውስጥ በእጁ እየዳሰሰ ቤት ቤቷን እንደለየ፣ ክፍል ሲጨርስ ለመሰነባበት ይመስል ግድግዳውን መታ መታ ያደርግ እንደነበር። ይህን እሱ አልነገረኝም። ከላይ ሆኜ በአየሩ ጎማ በኩል ሲንቀጠቀጥ በእጄ የተሰማኝን ነው የጻፍኩት። ቀና ብዬ ሳየው ወደ እኔ እያየ ነበር። ሚስቱም ወደ እሱ እያየች ነበር፤ ይህን ለእሷም ነግሯት አያውቅም መሰለኝ።

ጨርሼ ወረቀቱን አጠፍኩ። ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ሰዎቹ ጥቂት በዝምታ ተቀመጡ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተነሡ። አንዳንዱ ፈገግ እያለ አለፈ። ዶሮዬ ያለው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አዴ የተነሣችው በመጨረሻ ነው። ምርኩዟን ተደግፋ ጓደኛዬ ፊት ቆመችና እጁን ያዘች።

«ረቢ ሰብሪ ሲፍ ሃኬኑ» አለችው። ፈጣሪ ትዕግሥቱን ይስጥህ ማለቷ ነው፤ ሰው ለሞተበት ሰው የሚባለውን። ቀልድ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«አሜን» አላት።

ድንኳኑ ሲፈርስ እሱን ወደ አልጋው መለስነው። ድካሙ በረታ፤ እኔም ጉልበቴ ተይዞ ነበርና አጠገቡ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቱ እግሯን ታጥባ ድንቹን ከጭቃ እየለቀመች ነበር። ልሂድ ብዬ ስነሣ፣ «ብዕርህን አውጣ» አለኝ።

«ነገ ይሁን። ደክሞሃል።»

«አንተ ነህ የደከመህ። አውጣ።»

ነገረኝ። የእናቱን ስም፣ የሲሬን ቤታቸውን፣ አባቱ በምን እንደሞተ። ከሲሬ በቀጥታ ወደ አሰላ ዘለለ። ቤቱን እንዴት እንደሠሩት፣ ሚስቱ ጭቃውን ከእሱ የተሻለ ትመርግ እንደነበር፣ ከምጽዋ ስትወጣ ብርድ ለምዳ ስለማታውቅ የመጀመሪያውን ክረምት ሁለት ጋቢ ደርባ እንደከረመች፣ አንድም ቀን ግን እንመለስ ብላው እንደማታውቅ።

«ስለ ባሕሩስ?» አልኩት። ያን ሁሉ ዘመን ዘሎታል፤ ለእኔ ደግሞ ዋናው ይህ ነበር፤ ፓምፑም እዚያ ነው ያለው።

«እሱማ ተነበበ» አለ።

ሚስቱ ድንቹን በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ገብታ ነበር። ስለ ቤቱ የተናገረውንም ሰምታ ነበር። ወደ እኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ጭቃውን እኔ ነኝ የመረግኩት፤ እሱ ውሃ ነው ያመላለሰው። እንደዚያ ይጻፉት» አለችኝ።

እንደዚያ ጻፍኩት።